ፎርማት ከመደረጉ በፊት፦ በደብረ ታቦርና በአካባቢው ከተበላሸ ፍላሽ ፋይል ስለማዳን

በደቡብ ጎንደር የጽሑፍና የምስል ሥራ ከቦታ ወደ ቦታ የሚሄደው በአብዛኛው በኪስ ነው። በደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፉን የሚያሳትም ተማሪ፣ የሩብ ዓመት ሪፖርት ይዞ ከእብናት ወይም ከወገዳ ወደ ዞን የሚመጣ ባለሙያ፣ የፈተና ወረቀት የሚያስባዛ መምህር፣ የሠርግ ቪዲዮ አቀናብሮ የሚያስረክብ ፎቶ ቤት፣ ሁሉም ሥራቸውን የሚያምኑት ለአንድ ፍላሽ ነው። የድጓው ትምህርት ቤት ቤተልሔምና የዝማሬ መዋሥዕቱ ትምህርት ቤት ዙር አምባ በሚገኙበት በጋይንት ምድር፣ የመምህሩን ዜማ በድምፅ የቀረጸ ደቀ መዝሙርም የሚያቆየው በሜሞሪ ካርድ ወይም በፍላሽ ነው።

ይህን ልማድ ኋላ ቀርነት ብሎ ማለፍ ትክክል አይደለም፤ በቂ ምክንያት አለው። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆይቷል። በቴሌግራምና በኢሜይል ይላክ የነበረው ሁሉ ያኔ ወደ ፍላሽ ተመለሰ። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ነፋስ መውጫን አልፎ ወደ ደብረ ታቦር ሲጠጋ፣ ከቤቱ ለሚወጣ ሰው ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ተሸክሞ መሄድ የማይታሰብ ነበር፤ ፍላሽ ግን ኪስ ውስጥ ይገባል። ሰው በፍላሽ የተማመነው ሌላው ሁሉ ሲከዳው ስላልከዳው ነው።

ችግሩ የሚመጣው ፍላሹ ራሱ የከዳ ቀን ነው። ባለቤቱ ሲሰካው ኮምፒውተሩ «ከመጠቀምዎ በፊት ፎርማት ያድርጉት» የሚል መልእክት ያወጣል፤ ወይም ፍላሹ ባዶ ሆኖ ይታያል፤ ወይም ከነጭራሹ አይነበብም። ባለቤቱ ደንግጦ በአቅራቢያው ወዳለው የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ወይም ሞባይል ጥገና ይሮጣል። በብዙ ቦታ የሚያገኘው መልስም አንድ ዓይነት ነው፦ ቫይረስ በልቶታል፣ ፎርማት ይደረግ። የዚህ ዳሰሳ ዋና ሐሳብ ይህን መልስ የሚቃወም ነው። ብዙው ፋይል የሚጠፋው ፍላሹ በተበላሸበት ቅጽበት ሳይሆን ከዚያ በኋላ በችኮላ በሚወሰዱ እርምጃዎች ነው። «ጠፋ» ከሚባለው ውስጥ ብዙው በዚያች ደቂቃ ገና ቺፑ ላይ አለ።

ምን ይበላሻል?

ፍላሽ ውስጥ ሁለት ዋና ክፍሎች አሉ። አንደኛው መረጃው የሚቀመጥበት ናንድ የሚባለው ቺፕ ነው፤ ይህ ዓይነቱ ሜሞሪ በጃፓኑ ቶሺባ ይሠራ የነበረው መሐንዲስ ፉጂዮ ማሱኦካ በእ.ኤ.አ. 1980ዎቹ ያፈለቀው ነው። ሁለተኛው ኮንትሮለር ነው፤ ከኮምፒውተሩ የሚመጣውን ትእዛዝ ተቀብሎ የትኛው መረጃ በየትኛው የቺፑ ክፍል እንደሚቀመጥ የሚወስነው እሱ ነው። በእ.ኤ.አ. 2000 መጨረሻ በአይቢኤም ስም ለገበያ የቀረበው፣ ከመጀመሪያዎቹ ፍላሾች አንዱ፣ 8 ሜጋ ባይት ብቻ ይይዝ ነበር። ዛሬ 64 ጊጋ ባይት የሚይዘው በብዙ ሰው ቦርሳ ውስጥ አለ። የሚይዘው ሲበዛ፣ አንዱ ሲበላሽ የሚጠፋውም በዚያው ልክ በዝቷል።

በእነዚህ ላይ የተዘረጋው የፋይል አሠራር ብዙውን ጊዜ ፋት 32 ወይም ኤክስፋት ነው። አሠራሩን በቀበሌ መዝገብ መመሰል ይቻላል። መዝገቡ የትኛው ቤት የማን እንደሆነና በየትኛው መንደር እንደሚገኝ ይናገራል፤ መዝገቡ ቢቃጠል ግን ቤቶቹ እንደቆሙ ናቸው። ፍላሽ ላይም ፋይል ሲሰረዝ የሚሆነው ይኸው ነው። በፋት 32 የስሙ የመጀመሪያ ፊደል «ተሰርዟል» በሚል ምልክት ይተካል፤ ፋይሉ የነበረበት ቦታም ነፃ ተብሎ ይመዘገባል። ጽሑፉ፣ ፎቶው፣ ድምፁ ራሱ አይነካም፤ የሚጠፋው ሌላ ነገር በላዩ ሲጻፍ ነው። ፈጣን የሚባለው ፎርማትም አዲስ መዝገብ ከፍቶ አሮጌውን ይጥላል እንጂ ቤቶቹን አያፈርስም። ሙሉ ፎርማት ግን የተለየ ነው፤ ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ከዳር እስከ ዳር ባዶ ይጽፋል፣ ከዚያ በኋላ የሚመለስ ነገር የለም። ጥገና ቤቱ «ፎርማት አድርጌዋለሁ» ሲል የትኛውን ማለቱ እንደሆነ መጠየቅ ያለበት ለዚህ ነው።

እንግዲህ ፍላሹ አልነበብ የሚለው ከመዝገቡ ጥቂት መስመሮች ሲበላሹ ጭምር ነው። በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ባሉ ከተሞች ለዚህ ዋናው መንስኤ መብራት ይመስለኛል። ያለ ዩፒኤስ የሚሠራ ዴስክቶፕ ፋይል እየገለበጠ ሳለ መብራት ሲጠፋ፣ መዝገቡ በከፊል ተጽፎ በከፊል ሳይጻፍ ይቀራል። ፋት 32 የጀመረውን ሥራ መዝግቦ የሚይዝ ማስታወሻ የለውም፤ የኮምፒውተሩ ዋና ዲስክ የሚጠቀምበት ኤንቲኤፍኤስ ግን አለው። በዚህ ምክንያት አንድ የመብራት መቋረጥ ኮምፒውተሩን ሳይጎዳ የተሰካበትን ፍላሽ ሊጎዳ ይችላል። ሥራ ላይ እያለ ነቅሎ መሮጥም ያው ጉዳት አለው። ከእ.ኤ.አ. 2018 መጨረሻ ወዲህ ዊንዶውስ 10 ፍላሽን በቶሎ ለመንቀል እንዲመች አድርጎ ያዘጋጃል፤ በየጽሕፈት ቤቱ በሚታዩት አሮጌ ዊንዶውስ 7 ኮምፒውተሮችም ሆነ በየትኛውም ሌላ ኮምፒውተር ላይ ግን መገልበጡ ሳይጠናቀቅ መንቀል አደጋ ነው።

ቫይረስ በላው የተባለው

ይህ ክፍል ረዘም ማለት አለበት፤ በየከተማው ሰው «ቫይረስ በላብኝ» ብሎ የሚያለቅስበት ፋይል በአብዛኛው ያልተበላ ነውና። ሾርትከት ቫይረስ የሚባለው ዓይነት ፍላሹ ላይ ያሉትን ፎልደሮች ይደብቅና በምትካቸው ተመሳሳይ ስም ያላቸው ሾርትከቶች ያስቀምጣል። ባለቤቱ ፎልደሬን ከፈትኩ ብሎ ሾርትከቱን ሲጫን ቫይረሱን ራሱ ያስነሳል፤ ከዚያ ኮምፒውተሩ ይያዛል፣ ቀጥሎ የሚሰካውም ፍላሽ ይያዛል። የዚህ ቤተሰብ የሆነው አንድሮሜዳ ወይም ጋማሩ የሚባለው ተንኮል በእ.ኤ.አ. ኅዳር 2017 በዩሮፖልና በልዩ ልዩ አገሮች ፖሊስ የጋራ ዘመቻ ማዘዣ ጣቢያዎቹ ተዘግተውበታል። ቅጂዎቹ ግን አንቲቫይረስ በማይታደስባቸው ኮምፒውተሮች ላይ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ መዛመታቸውን አልተዉም። ለዚህ ደግሞ በቀን ብዙ ሰው ፍላሹን የሚሰካበት የማተሚያ ኮምፒውተር ምቹ ነው።

ምልክቱ ቀላል ነው። ፍላሹ ባዶ ይመስላል፤ ንብረቱን ሲያዩት ግን 5 ወይም 6 ጊጋ ባይት ተይዟል ይላል። ይህ ከሆነ ፋይሉ አለ። በዊንዶውስ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ ማዘዝ፣ የተጠበቁ የሲስተም ፋይሎችን የሚደብቀውንም ምልክት ማንሳት ያስፈልጋል። በኮማንድ መስኮት አትሪብ በሚባለው ትእዛዝ የመደበቂያውንና የሲስተሙን ምልክት ከሁሉም ፋይል ላይ በአንድ ጊዜ ማንሳትም ይቻላል። አንዳንዱ ቫይረስ ሁሉንም ስም በሌለው አንድ ፎልደር ውስጥ ይከታል፤ ስሙ ባዶ የሆነ ፎልደር ከታየ ገብቶ ማየት ነው።

ኮምፒውተር ከመንካት የሚቀድም፣ በገጠር ወረዳም የሚሠራ ሌላ መንገድ አለ። አብዛኛው የአንድሮይድ ስልክ ኦቲጂ በሚባለው አጭር ገመድ ፍላሽ ያነባል። ስልኩ ዊንዶውስ የሚያከብረውን የመደበቂያ ምልክት ስለማይመለከት የተደበቀው ፎልደር ፊት ለፊት ይታያል፤ ለዊንዶውስ የተሠራው ቫይረስም ስልኩ ላይ አይነሣም። ፎልደሩን ወደ ስልኩ ገልብጦ ማረጋገጥ፣ ፍላሹን ማጽዳት ከዚያ በኋላ። ሾርትከቶቹን ግን ስልክ ላይም ቢሆን አብሮ መገልበጥ አይገባም፤ ነገ ወደ ኮምፒውተር ይመለሳሉ።

ከሁሉ ቀላል በሆነው በዚህ ችግር ላይ «ፎርማት» የሚል ፍርድ መስጠት የሁለት ዓመት ጽሑፍ የያዘ ፍላሽን መግደል ነው። በዚህ ነገር ላይ ለዘብ ማለት አልችልም።

መጀመሪያ የሚፈለገው ሌላ ቅጂ ነው

ስለ ሶፍትዌር ከማውራታችን በፊት ብዙ ሰው የማያስበውን እናንሳ። ፋይሉ ፍላሹ ላይ ብቻ ነበር ወይ? የማተሚያ ቤት ሠራተኛ ብዙ ጊዜ ለማተም ሲል ፋይሉን ዴስክቶፑ ላይ ይገለብጠዋል፤ ሳይሰርዘው ይቀራል። ከአንድ ወር በፊት የታተመ የጽሑፍ ረቂቅ እዚያ ኮምፒውተር ላይ ተኝቶ ሊሆን ይችላል። ለአማካሪ መምህር የተላከ ኢሜይል፣ ለጓደኛ በቴሌግራም የሄደ ቅጂ፣ የቡድን ሥራ አባላት ስልክ፣ ሁሉም መጠየቅ አለባቸው። ፋይሉ በፍላሹ ላይ እንዳለ በዎርድ ተከፍቶ ይሠራበት ከነበረ ዎርድ በየ10 ደቂቃው ለራሱ የሚያስቀምጠው መጠባበቂያ አለ፤ መቼቱ ካልተለወጠ ይህ የሚቀመጠው በኮምፒውተሩ ላይ ነው እንጂ በፍላሹ ላይ አይደለም። ስለዚህ የተበላሸው ፍላሽ መጨረሻ የተሰካበትን ኮምፒውተር መፈለግ ከየትኛውም ፕሮግራም የበለጠ ውጤት የሚሰጥበት ጊዜ አለ። ሰውዬው ግን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ ፍላሹን ደጋግሞ ይሰካል።

ፍላሽ ላይ የተሰረዘ ፋይል ወደ ሪሳይክል ቢን አይገባም፤ እዚያ መፈለግ ጊዜ ማጥፋት ነው።

ቅደም ተከተሉ

ሌላ ቅጂ ካልተገኘ ሥራው በፍላሹ ላይ ይጀመራል። እዚህ ሦስት ነገሮች መያዝ አለባቸው። ፍላሹ ላይ ምንም አለመጻፍ፤ ኮምፒውተሩ «ይጠገን?» ወይም «ፎርማት ይደረግ?» ሲል እምቢ ማለት፤ የሚመለሰውን ፋይል በዚያው ፍላሽ ላይ አለማስቀመጥ። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ይጣሳል፤ አዳኙ ራሱ ያገኘውን እየጻፈ ያላገኘውን ይደመስሳል።

ቀጥሎ የሚመጣው፣ ብዙው ጥገና ቤት የሚዘለው፣ ከሁሉ ግን የሚበልጠው እርምጃ የፍላሹን ሙሉ ግልባጭ መውሰድ ነው። ይህ ፋይሎችን ኮፒ ማድረግ ማለት አይደለም፤ ፍላሹን ሴክተር ከሚባለው የመጀመሪያ ትንሽ ክፍሉ እስከ መጨረሻው እንዳለ፣ ባዶ የተባለውንም ቦታ ጨምሮ፣ ኢሜጅ በሚባል አንድ ትልቅ ፋይል ማስቀመጥ ነው። 16 ጊጋ ባይት የሚይዝ ጤነኛ ፍላሽ በአሮጌው የዩኤስቢ 2 ማስገቢያ ሩብ ሰዓት አካባቢ ይፈጅበታል። ከዚያ በኋላ ሙከራው ሁሉ በግልባጩ ላይ ይሆናል፤ አንዱ ፕሮግራም ቢያበላሽ ፍላሹ አልተነካም። ፍላሹ እየተንተባተበ የሚነበብ ከሆነ ዲዲሬስኪው የሚባለው የሊኑክስ ነፃ ፕሮግራም ተመራጭ ነው። በመጀመሪያ በቀላሉ የሚነበበውን ይሰበስባል፣ ከዚያ ወደ አስቸጋሪው ይመለሳል፤ የደረሰበትንም በማስታወሻ ይዞ ስለሚሄድ መብራት ጠፍቶ ቢቋረጥ ካቆመበት ይቀጥላል። ባትሪው በሚሠራ ላፕቶፕ ላይ ከሆነ ደግሞ የተሻለ ነው።

ግልባጩ ከተያዘ በኋላ ፕሮግራሞቹን በየጠባያቸው መጠቀም ይቻላል። ሬኩቫ ለጀማሪ ምቹ ነው፤ በቅርቡ የተሰረዘ ፋይል ሲሆን ስሙን እንደያዘ ይመልሳል፣ መዝገቡ ራሱ ሲፈርስ ግን አቅሙ ይደክማል። ፍላሹ «ፎርማት ያድርጉት» እያለ ፋይሎቹ ግን ሙሉ ሲሆኑ ቴስትዲስክን የሚያህል አላየሁም። ፋት 32 የመጀመሪያውን ወሳኝ ሴክተር መጠባበቂያ ቅጂ በሴክተር ቁጥር 6 ያስቀምጣል፤ የመዝገቡም ሁለት ቅጂ አለው። ቴስትዲስክ ከዚያ መጠባበቂያ አንሥቶ የፊተኛውን ሲያድስ ፍላሹ ከነስሙ ከነፎልደሩ ተመልሶ ሊከፈት ይችላል። ሁለት ደቂቃ በማይሞላ ሥራ የሚድን ፍላሽ በአንድ ፎርማት መጥፋቱ ያስቆጫል።

ቴስትዲስክን የሠራው የፈረንሳዊው ፕሮግራመር የክሪስቶፍ ግርኒዬ ሌላ ሥራ የሆነው ፎቶሬክ ደግሞ መዝገቡን ጨርሶ ይተወዋል። እያንዳንዱ የፋይል ዓይነት የሚጀምርበት መለያ አለው፤ የፎቶው ሌላ፣ የፒዲኤፉ ሌላ፣ የዎርዱ ሌላ። ፎቶሬክ እነዚህን መለያዎች እያሰሰ ከ480 በላይ የፋይል ዓይነቶችን ለይቶ ያወጣል። ጉድለቱ ስምን አለመመለሱ ነው፤ በቁጥር የተሰየሙ ሺህ ፋይሎች ሊሰጥ ይችላል። ፋይሉ በቺፑ ላይ ተቆራርጦ ተቀምጦ ከነበረም የተሟላ ሆኖ አይወጣም። በዚህ ምክንያት አንዴ ተጽፈው የማይነኩ የሠርግ ፎቶዎች በደንብ ሲመለሱ፣ ለወራት እየታረመ ደጋግሞ የተቀመጠ ጽሑፍ ግን ብዙ አሮጌ ረቂቅ ይዞ ይወጣል። ባለቤቱ ሊደሰትበት ይገባል፤ የመጨረሻው ባይገኝ ከእሱ በፊት የነበረው ይገኛልና። ማይክሮሶፍትም በእ.ኤ.አ. 2020 ዊንዶውስ ፋይል ሪከቨሪ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አውጥቷል፤ በትእዛዝ ጽሑፍ ብቻ ስለሚሠራ ለብዙ ሰው አይመችም።

ቼክዲስክን ለብቻው ማንሳት አለብኝ፤ በብዙ ጥገና ቤት የመጀመሪያው መድኃኒት እሱ ነው። ቼክዲስክ የሚያክመው መዝገቡን ነው፤ ለመዝገቡ ሰላም ሲል የፋይሉን ክፍል ቆርጦ ይጥላል፤ ባለቤት ያጣውንም ቁራጭ ፋውንድ በሚባል ፎልደር በቁጥር ስም ይከምራል። አንዳንዴ ያድናል። ግልባጭ ሳይወሰድ ግን መጀመር የለበትም። ስለ ክራክ የተደረጉ የሚከፈልባቸው ፕሮግራሞችም አቋሜ ግልጽ ነው፦ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ክራክ ራሱ ቫይረስ ይዞ ይገባል፣ ከላይ የተጠቀሱት ነፃ መሣሪያዎች እያሉም አያስፈልግም።

የግዕዝ ፊደል ጣጣ

ከውጭ የሚመጡ መመሪያዎች ብዙ ጊዜ የማያነሡት፣ በእኛ ፊደል ላይ የሚታይ ችግር አለ። ፋይሉ ከተመለሰ በኋላ ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ሆኖ ይታያል፤ ባለቤቱም «ተበላሽቷል» ብሎ ይሰርዘዋል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ኮድ ውስጥ የገባው በእ.ኤ.አ. 1999 ነው። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት በየመሥሪያ ቤቱ በቪዥዋል ግዕዝና በአሮጌው የፓወር ግዕዝ ፎንት የተጻፈው ሰነድ የላቲንን ቦታ ተውሶ የተቀመጠ ነው። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የሚታየው ዝብርቅርቅ ነው፤ ሰነዱ ግን ጤነኛ ነው። ፎንቱን መጫን፣ ወይም ወደ ዩኒኮድ በሚቀይር መሣሪያ ማሳለፍ ይበቃል። የወረዳ መዝገቦች፣ የሰበካ ጉባኤ ቃለ ጉባኤዎች፣ የድሮ የፈተና ጥያቄዎች ብዙዎቹ በዚህ መልክ የተቀመጡ ናቸው። ፋይልን በስህተት የሞተ ብሎ መቅበር ከመሰረዝ አይለይም።

የፋይሉ ዓይነትም ለውጥ ያመጣል። አሮጌው የዎርድ ዓይነት፣ እስከ 2003 የነበረው፣ ጽሑፉን በቀጥታ ስለሚያስቀምጥ ግማሹ ቢጠፋም ቀሪው በዩኒኮድ የተጻፈ አማርኛ ሊነበብ ይችላል፤ ዎርድ ራሱ ከማንኛውም ፋይል ጽሑፍ የማውጣት አማራጭ አለው። አዲሱ ዓይነት ግን በውስጡ የታመቀ ዚፕ ነው፤ ጥቂት ሲጎድልበት ዎርድ አልከፍትም ይላል። ያኔ ስሙን ወደ ዚፕ ቀይሮ በሰቨን ዚፕ ለመክፈት መሞከር፣ ከውስጡ ዋናውን የሰነድ ፋይል ማውጣት ይቻላል፤ ሥዕልና ሠንጠረዡ ቢቀር ጽሑፉ ይተርፋል። ለተመራቂ ተማሪ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በቁጥር ስም ከወጡ መቶ ሰነዶች ውስጥ የሚፈልገውን ለመለየትም የሰነዱ ባሕርያት ውስጥ የሚቀመጡት የጸሐፊው ስምና መጨረሻ የታረመበት ቀን ይረዳሉ፤ እነሱ ከፋይሉ ጋር ስለሚሄዱ ከመዝገቡ መጥፋት ይተርፋሉ።

የማይመለስ

ሁሉም ይድናል ብዬ አንባቢን ማታለል አልፈልግም። በገበያ የታወቁ ስሞች የተለጠፉባቸው፣ 1 ቴራ ባይት ይይዛል ተብለው በርካሽ የሚሸጡ አስመሳይ ፍላሾች አሉ። በውስጣቸው ያለው ቺፕ ከተባለው እጅግ ያነሰ ነው፤ ኮንትሮለሩ ግን ለኮምፒውተሩ ውሸት እንዲናገር ተደርጓል። ቦታው ሲሞላ አዲሱ ፋይል ስሙ ብቻ ይመዘገባል፣ ይዘቱ የትም አይጻፍም። ያልተጻፈን ነገር የሚመልስ ፕሮግራም የለም። መድኃኒቱ በገዙ ዕለት ኤች 2 ቴስትደብሊው ወይም ኤፍ 3 በሚባሉት ነፃ መፈተሻዎች ሙሉውን ጽፎ ማንበብ ነው።

ኮንትሮለሩ ሲሞት ፍላሹ 0 ባይት ሆኖ ወይም እንግዳ ስም ይዞ ይታያል። ሶኬቱ ተጣምሞ ብቻ ከሆነ ብየዳ የሚችል የሞባይል ጠጋኝ ሊያድነው ይችላል። ቺፑን አንሥቶ በልዩ መሣሪያ የማንበብ ሥራ ግን የሩሲያው ኤሲኢ ላብ የሚሠራው ፒሲ 3000 ዓይነት ውድ መሣሪያና ልዩ ሙያ ይጠይቃል፤ በውጭ አገር ቤተ ሙከራዎች ዋጋው በመቶዎች ዶላር ይቆጠራል። ፍላሹ አርጅቶ አልጽፍም ካለ ደግሞ ቸርነት እያደረገ ነው፤ አንዳንድ ኮንትሮለር ቺፑ ሲያልቅ ማንበብ ብቻ ፈቅዶ ይቆለፋል። ለማስጻፍ ከመታገል በዚያው ሰዓት ሁሉንም መገልበጥ ይገባል። ክረምት ላይ ውኃና ጭቃ የገባበት ፍላሽም ሳይደርቅ መሰካት የለበትም።

የሰው ፋይል በሰው እጅ

ፍላሽ ለጥገና ሲሰጥ የሚሰጠው ፋይል ብቻ አይደለም። የቤተሰብ ፎቶ፣ የባንክ ሰነድ፣ የታካሚ ዝርዝር፣ ያልተፈተነ ፈተና አብሮ ይሄዳል። የማተሚያ ቤቱ ዴስክቶፕ ላይ የቀረው ፋይል አንዱን ተማሪ እንዳዳነው ሁሉ ሌላውን ሊያጋልጠው ይችላል። ኢትዮጵያ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008ን እና የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን አውጥታለች፤ የሰውን መረጃ ያለ ፈቃድ መክፈትና ማሰራጨት ሕግ የሚመለከተው ነገር ነው። ደንበኛው በተቻለ መጠን ሥራው ሲሠራ አጠገቡ ቢቀመጥ፣ የተመለሰውን ሲረከብም ግልባጩ ፊቱ እንዲሰረዝ ቢጠይቅ መብቱ ነው። ጠጋኙም ይህን እንደ አለመታመን ሊቆጥረው አይገባም።

ከመጥፋቱ በፊት ስለሚደረገው አንድ ነገር ብቻ እላለሁ። ፋይል በአንድ ቦታ ብቻ መኖር የለበትም። ኔትወርክ ባለበት ቀን ወደ ቴሌግራም የራስ ማስቀመጫ መላክ ክፍያ የለውም፤ በአንድ ፋይል እስከ 2 ጊጋ ባይት ይቀበላል። ኔትወርክ በሌለበት ወር ደግሞ ሁለተኛ ፍላሽ፣ ከመጀመሪያው ጋር በአንድ ኪስ የማይኖር። የዜማ ቅጂ ያላቸው መምህራንና ደቀ መዛሙርት ይህን በተለይ ቢያስቡበት እወዳለሁ፤ የመመረቂያ ጽሑፍ በልቅሶም ቢሆን እንደገና ይጻፋል፣ ያረፈ መምህር ድምፅ ግን እንደገና አይቀረጽም።

ለደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲና ለዞኑ መምሪያዎች የማቀርበው ጥያቄ ትንሽ ነው። አንድ ክፍል፣ ሊኑክስ የተጫነበት አንድ ላፕቶፕ፣ ዲዲሬስኪውና ቴስትዲስክን የሚያውቁ ሁለት ተማሪዎች፣ በተወሰነ ቀን ለከተማው ሰው ክፍት ሆኖ። ፕሮግራሞቹ ነፃ ናቸው፤ ሥልጠናው ሳምንት አይሞላም። ከወረታ እስከ ነፋስ መውጫ ላላችሁ የጥገና ባለሙያዎች ደግሞ ልመናዬ አንድ ነው፦ የሰው ፍላሽ እጃችሁ ሲገባ ግልባጭ ሳትወስዱ፣ ባለቤቱንም ሳትጠይቁ ፎርማት አታድርጉ።